አያትን በሰዎቻቸው ማስታወስ፦ የቤተሰብ ደብተር አዘገጃጀት

አያቴ መንዜ ናቸው። ከጣርማ በር ተገንጥሎ በሞላሌ በኩል መሐል ሜዳ የሚገባውን መንገድ የሄደበት ሰው አገራቸውን ያውቀዋል፤ ብርድ፣ ገብስ፣ በግ፣ ባና። ዘጠኝ ልጆች አሳድገዋል። የልጅ ልጆቻቸው ከመንዝ እስከ አዲስ አበባ፣ ከዱባይ እስከ ሜሪላንድ ተበትነናል። ሁላችንም «አባባ» ነው የምንላቸው።

ስለ እሳቸው ስናወራ «ደግ ነበሩ» እንላለን። እውነት ነው፣ ደግ ነበሩ። ግን ስለ ብዙ ሰው አያት እንዲህ ይባላል። አባባን ከሌላው የሚለያቸው ሰው ማወቃቸው ነው። ገበያ ላይ የማያውቁት ጎልማሳ ሲያጋጥማቸው የአባቱን ስም ይጠይቃሉ፤ ቀጥሎ የአያቱን፤ ቀጥሎ የእናቱን አባት። ትንሽ ያስባሉ። ከዚያ «የእኛው ነህና!» ብለው አገላብጠው ይስሙታል። ከእሳቸው ጋር መንገድ መሄድ ቀን ይፈጃል፤ በየደጁ ዘመድ አላቸው።

እኛ ደግሞ የአክስት ልጅና የአጎት ልጅ ሆነን ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ብንቀመጥ የማንተዋወቅ ነን። ስለዚህ ለሰባት ዓመት መታሰቢያቸው የቤተሰብ ደብተር ለማዘጋጀት ተስማማን። አባባን ማስታወስ ከፈለግን እሳቸው የሚያውቋቸውን ሰዎች ማወቅ አለብን። የሠራንበትን መንገድ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ለአያታችሁ ልታዘጋጁ ለምታስቡ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ማንን፣ መቼ

አያታችሁ በሕይወት ካሉ ሙት ዓመት አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ደውሉ፣ ከተቻለም ሂዱ።

ካረፉ ከእህት ወንድሞቻቸው ጀምሩ፤ ከዚያ ወደ ትልልቅ ልጆቻቸው ውረዱ። ሴቶቹን አስቀድሙ። ወንዶቹ ሙግቱንና ዘመቻውን አሳምረው ይናገራሉ። ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን ማንን እንዳጠባች፣ የትኛው ልጅ በኩፍኝ እንደሞተ የሚያውቁት ግን አክስቶች ናቸው። የእኛ ደብተር ግማሹ የተሞላው ከትልቋ አክስቴ አፍ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ «እታለም» ይላታል። መዝገብ ላይ ያለውን ስሟን የምናውቅ ጥቂት ነን። በነገራችን ላይ ይህን አትለፉት፤ «ጋሽዬ»፣ «ማሚቴ»፣ «እማማ» እየተባሉ የኖሩ ሰዎች ስማቸው ከእነሱ ጋር እንዳይሄድ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

ለቅሶ ቤት ውስጥ ስልክ አውጥታችሁ አትቅዱ። እስከ ሰልስት ሰው ያለቅሳል፣ ያስተዛዝናል፤ የሚነገረው ብዙ ነው፣ እሱን በጆሮ ብቻ ስሙት። አርባው ካለፈ በኋላ ግን ሰው በተረጋጋ መንፈስ ያወራል። ለገጠር የተሻለው ጊዜ ጥር ነው። እህል ገብቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ በሠርጉ ሰበብ ዘመድ ይሰበሰባል። ክረምት ላይ ከሄዳችሁ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወርድበት የተቀዳው ድምፅ አይሰማም።

ስትቀዱ አስፈቅዱ። ስልኩን የአውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርጉት፤ መሐል ላይ ጥሪ ሲገባ ቀረጻው እንዳይቋረጥ። ባዶ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት፤ የታጠፈ ነጠላ ወይም ጋቢ ላይ፣ ከሚናገረው ሰው አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ይሁን። ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ላይ ቢሆኑ ይመረጣል። አንዱ «ካገባ በኋላ ዘመተ» ሲል ሌላው «የለም፣ ያኔ ገና አላገባም ነበር» ይለዋል። ክርክሩን አታስቁሙ። ከክርክሩ ውስጥ ብቻውን የተቀመጠ ሰው የማያስታውሰው ነገር ይወጣል።

በመሬቱ ጠይቁ

«ታሪክዎን ይንገሩኝ» ያላችኋቸው ሽማግሌ «ምን ታሪክ አለኝ ልጄ፣ ሳርስ ኖርኩ» ይላሉ። ትሕትና ነው፤ ግን ወሬው እዚያው ይቆማል። እኔ ያገኘሁት የተሻለ መንገድ በማሳው መጠየቅ ነው። «ከወንዙ ማዶ ያለው ማሳ በማን በኩል የመጣ ነው?»

ለምን እንደሚሠራ ላስረዳ። መንዝ ውስጥ ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ነበር። መሬት የሚጠይቅ ሰው ከአቅኚው አባት ጀምሮ ትውልዱን እየቆጠረ እስከ ራሱ ይደርሳል። አገሩ ራሱ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር የሚባለው በሦስቱ አቅኚዎች ስም ነው። ሽማግሌ ወይም ዳኛ ፊት ቆሞ ሐረጉን መቁጠር ያቃተው ሰው መሬቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የአባባ ትውልድ ዘር የሚያጠናው ለጨዋታ አልነበረም፣ ለእንጀራው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያደገ ልጅ ሐረጉን ቢቆጥር የሚያገኘው መሬት የለም፣ ባይቆጥርም የሚያጣው የለም። አያቶች እስከ አቅኚው የሚቆጥሩትን ልጆቻቸው ቅድመ አያት ላይ የሚያቆሙት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ማሳው ሲጠየቅ ግን ያ ዕውቀት ይነሣል። «እሱማ በእናቴ አባት በኩል ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከእህታቸው ጋር ተካፍለው ነው» ይላሉ። እነሆ ሦስት ትውልድና አንድ የማታውቋት እህት አገኛችሁ። ወደሚቀጥለው ማሳ እለፉ። ከአዋጁ በፊት የነበረውን እንደምትጠይቁ ንገሯቸው፣ ከዚያ በኋላ መሬቱ ተደላድሏልና።

አያታችሁ ከርስት አገር ካልሆኑ መንገዱ ይለያያል። ነጋዴ ከነበሩ በገበያዎቻቸውና በሚያድሩባቸው ቤቶች፣ ወታደር ከነበሩ በዘመቱባቸው ቦታዎች፣ የከተማ ሰው ከነበሩ በዕድራቸው ጠይቁ። ዕድር መዝገብ ይይዛል፤ ጸሐፊው ፈቃደኛ ከሆነ አያታችሁ ስንት ዓመት አባል እንደነበሩ፣ የማንን ሐዘን እንዳስመዘገቡ ከመዝገቡ ይታያል።

የጥቃቅኑን ነገር ጥያቄ ደግሞ አትናቁ። የበሬዎቻቸው ስም ማን ነበር? የአባባ ወይኖና ቦራ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ሁሉ እስከ ዛሬ ያስታውሷቸዋል፤ የቦራን አመል ሲያነሡ ፊታቸው ይበራል። ዝናብ ሲመጣ ምን ይለብሱ ነበር? ከጓሳ ሣር የሚሠራው ገሳ። መሶቡ ላይ ማን ከማን ጋር ይቀርባል? ማታ እግር የሚያጥበው ማን ነው? ጣሊያን በገባ ጊዜ ቤተሰቡ የት ተደበቀ? የአባባ አባት ከራስ አበበ አረጋይ ጋር ዱር ገብተው ነበር፤ ይህን የሰማነው ስለ ጦርነቱ ጠይቀን ሳይሆን «ጠመንጃው የት ደረሰ?» ብለን ነው።

ዓመተ ምሕረቱን ማግኘት

ብዙ አያቶች የተወለዱበትን ቀን ያውቃሉ፣ ዓመቱን ግን አያውቁም። ቀኑ የሚታወቀው በበዓል ነው። «በኅዳር ሚካኤል» ካሉ ኅዳር 12 ነው (የአባባ ይህ ነው)፣ «በአስተርዮ ማርያም» ጥር 21፣ «በግንቦት ልደታ» ግንቦት 1። ዓመቱ ግን ማስላት ይፈልጋል፤ ይሄ የሥራው በጣም የምወደው ክፍል ነው።

ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ በትልቅ ክስተት ጊዜ ምን ይሠሩ ነበር? ገጠር ውስጥ ልጅ በአምስትና በስድስት ዓመቱ ጥጃ ይጠብቃል፣ ከፍ ሲል በግና ፍየል፣ ከዚያ ከብት፣ ጉልበቱ ሲጠና ሞፈር ይጨብጣል። አባባ «ጣሊያን ሲገባ የጥጃ እረኛ ነበርኩ» ይሉ ነበር። ጣሊያን የገባው በ1928 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከ1921 እስከ 1924 ባለው ውስጥ ተወልደዋል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ ነበር? የአባባ እናት «በዘመነ ማርቆስ ወለድኩህ» ብለዋቸዋል። ስሌቱ ቀላል ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለአራት አካፍሉ። ቀሪው አንድ ከሆነ ማቴዎስ፣ ሁለት ከሆነ ማርቆስ፣ ሦስት ከሆነ ሉቃስ ነው፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ። 1922 ላይ 5500 ስንደምር 7422 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል ሁለት ይቀራል። ማርቆስ ነው። ከ1921 እስከ 1924 ባለው ውስጥ ሌላ ማርቆስ የለም።

ሦስተኛ፣ ማመሳከሪያ ፈልጉ። እታለም ከአያቷ የሰማችው አንድ ነገር ነበር፤ «ተፈሪ ሲነግሡ አባትሽ ገና ጡት አልጣለም»። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ኅዳር 12 ቀን 1922 የተወለደ ሕፃን ያን ጊዜ አሥራ አንድ ወር ከምናምን ቀን ይሆነዋል። ሦስቱም ገጠሙ። አባባ የተወለዱበትን ቀን በእርግጠኝነት ጻፍን፤ እንዴት እንደደረስንበትም ከሥሩ አሰፈርን። እናንተም ስሌታችሁን ጻፉት፣ በኋላ የሚመጣ ሰው እንዲያርመው።

ለሌሎቹ ዘመዶች መለኪያ የሚሆኑ ዓመታት እነዚህ ናቸው፦ ንጉሡ ከስደት የተመለሱበት 1933፣ የታኅሣሡ ግርግር 1953፣ አብዮቱ 1966፣ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 1967፣ የብር ለውጥ 1969፣ ረሃቡ 1977፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባበት ግንቦት 20 ቀን 1983። «ብሩ ሲለወጥ ነፍሰ ጡር ነበርኩ» የምትል አክስት የልጇን ዓመት ነገረቻችሁ ማለት ነው። ውጭ ላሉት የፈረንጁን ዓመት መጻፍ ካስፈለገ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሰባት ደምሩ፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። የአባባ 1929 ይሆናል።

ደብተሩ ላይ ማን፣ እንዴት

በእኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም። የአያት ስም በወንዶች ልጆች ልጆች ላይ ሦስተኛ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ይጠፋል። በሴቶቹ በኩል ከመጀመሪያውም አይገባም። እኔ የሴት ልጃቸው ልጅ ነኝ፤ መታወቂያዬ ላይ አባባ የሉም። አሜሪካ ያሉት ሁለቱ አጎቶቼ ደግሞ አንዱ የአባቱን፣ አንዱ የአያቱን ስም መጨረሻ ላይ አስመዝግበዋል። ልጆቻቸው በወረቀት ሲታዩ ምንም የማይገናኙ ሰዎች ናቸው። ደብተሩ የሚያስፈልገው ከምንም በላይ ለዚህ ነው።

ወደ ላይ ብዙ አትድከሙ። ሰባት ቤት መቁጠር የሸዋ ሰው ለጋብቻ የሚጠነቀቅበት ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን በአባትም በእናትም ሁሉንም ልቁጠር ካላችሁ ሰባተኛው ላይ 128 ሰው ይደርሳል። ከአያታችሁ በላይ በእያንዳንዱ መስመር የሚገኘውን ያህል ጻፉ። ወደ ታች ግን አንድም ሰው አታስቀሩ።

ቁጥር ስጡ። እኛ የአባባን ልጆች በግዕዝ ቁጥር ከ፩ እስከ ፱ አልናቸው፣ የልጅ ልጆቹን በተለመደው ቁጥር። ፫-4 ማለት የሦስተኛዋ ልጅ አራተኛ ልጅ ነው። ተመሳሳይ ስም በበዛበት ቤተሰብ ይህ ብዙ ጣጣ ይቀንሳል። ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሙሉ ገጽ ስጡ፣ ባዶ ቦታም ተዉ። በእያንዳንዱ ሰው ስም ሥር የእናቱንም የአባቱንም ስም፣ የቤት ስሙን፣ የተወለደበትን ቦታና የክርስትና ስሙን ጻፉ። የክርስትና ስም በተለይ ለሞቱት ያስፈልጋል፤ ካህናት በጸሎት የሚያስቧቸው በእሱ ነው። ከጠፋ የንስሐ አባታቸውን ጠይቁ።

አሁን የምለውን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። በሕፃንነታቸው የሞቱት ይጻፉ። እናቶች ቁጥራቸውን አይረሱም፤ «አሥራ አንድ ወለድኩ፣ ዘጠኝ አሉኝ» ይላሉ። እኛ ሁለቱን ስማቸውን ጠይቀን ስንጽፍ አንዷ አክስቴ «እነሱም አሉ ለካ» ብላ ገጹን ሳመችው። ያሳደጓቸውም ይጻፉ፤ የጡት ልጅ፣ የክርስትና ልጅ፣ ከዘመድ መጥቶ ቤቱ ያደገ ልጅ። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ልጅ ተብሎ፣ በዕድሜው ተራ ይገባል። በጎን ወይም በቅንፍ አይቀመጥም። የሚቃወም ዘመድ ይኖራል። አባባ በሕይወት እያሉ ያን ልጅ ከመሶባቸው አላራቁትም፤ ደብተራቸውም አያርቀውም አልን፣ ነገሩ በዚያው አለቀ። ያለ ሰውየው ፈቃድ ግን የወላጅ ምስጢር አትግለጡ፤ ልጁ ራሱ የማያውቀው ነገር ካለ ደብተር ላይ መስማት የለበትም።

ፎቶ

ፍሬም ውስጥ መስተዋቱ ላይ የተጣበቀ ፎቶ አትላጡ፤ ይቀደዳል። መስኮት አጠገብ ጥላ ውስጥ አድርጋችሁ፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ በስልክ አንሡት። ጀርባው ላይ ስም ስትጽፉ በእርሳስ ይሁን፣ እስክሪብቶ ወደ ፎቶው ፊት ይወጣል። ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል ላኩት፣ እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይቀንሳል።

ፎቶ የለም ከተባላችሁ ወረቀቶቹን ፈልጉ። የድሮ የቀበሌ መታወቂያ፣ የጡረታ ደብተር። በአማራ ክልል የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስትን ፎቶ ይይዛል። የአያቴን የእማማን ብቸኛ ፎቶ ያገኘነው ከዚያ ላይ ነው፤ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ካሜራውን ትኩር ብላ እያየች።

ቀኑን እንዴት እንዳዋልነው

በሰባት ዓመቱ ድግስ ላይ ሐሳቤ ግልጽ ነው፤ ተበድራችሁ አትደግሱ። ጸሎቱ ይደረግ፣ ነዳያን ይብሉ፣ ለሰው ደግሞ ዳቦ፣ ንፍሮና ጠላ ይበቃል። ለበሬ የሚወጣው ገንዘብ ከሩቅ ላሉ ዘመዶች የመኪና ቢሆን ይሻላል። እኛ እንዲያ አደረግን፤ አሥር ዓመት ያልተያዩ እህትና ወንድም ያን ቀን ተገናኙ።

ከምሳ በኋላ ደብተሩ ጮክ ተብሎ ተነበበ። የሚያነበው ጎረምሳ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ድምፁም ይሰማል፣ ስሙንም ይለምዳል። የአንድ ቅርንጫፍ ስም ሲጠራ የዚያ ቅርንጫፍ ሰዎች በሙሉ ይቆማሉ፤ ጨቅላ ካለ ታቅፎ ይነሣል። የተጠራውና የቆመው ካልተመጣጠነ ወዲያው ይታወቃል። ግድግዳ ላይ በትልቅ ወረቀት የተሳለ ሐረግ ለጥፋችሁ ከጎኑ እርሳስ ስቀሉ፤ ሰው ቡና እየጠጣ ያርመዋል። ልጆቹን በየተራ እያስቆማችሁ ከራሳቸው ወደ ላይ አስቆጥሯቸው። የስምንት ዓመት ልጅ ያለ ስሕተት አምስት ትውልድ ሲቆጥር ሽማግሌዎቹ እልል አሉ፤ አንዱ አጎቴ ካባውን አውልቆ አለበሰው።

ከዚያ በኋላ ደብተሩ መኖር አለበት። በየዓመቱ ኅዳር 12 ለመሰብሰብ ተስማምተናል፤ አዲስ የተወለደና ያረፈ ያን ቀን ይመዘገባል። ከየቅርንጫፉ አንድ ሰው ኃላፊ ነው፤ ስልኩ በገጹ ግርጌ ተጽፏል። ዋናው ደብተር እታለም ዘንድ ነው፣ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ገጾቹ ደግሞ በስካን ተነሥተው ከቀረጻዎቹ ጋር በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ተቀምጠዋል። ፋይሎቹን «ድምፅ 1» ብላችሁ አታስቀምጡ፤ የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ስጧቸው።

ውጭ ያሉ ዘመዶች የልጆቻቸውን ስም በአማርኛ ፊደል ጽፈው ይላኩ። በላቲን ብቻ የመጣ ስም ሲገለበጥ ይበላሻል፤ ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ ይምታታሉ። መጻፍ የማይችሉት ልጆቹ ራሳቸው ስማቸውን ከነአባታቸውና ከነአያታቸው በድምፅ ተናግረው ይላኩ፣ እዚህ ያለው ጸሐፊ ሰምቶ ያስገባዋል።